የአማቷ ሄሎ

የወጣቷ አማት ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሰው ስልክ ሲያገናኙ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ቤት ሲገቡ «እንዴት ዋላችሁ» ማለት አይሆንላቸውም። «ሄሎ» ነው የሚሉት።

«እማዬ፣ ሄሎ እኮ በስልክ ነው የሚባለው» ይላቸዋል ልጃቸው እየሳቀ።

«ስልክ የመጣው ትናንት። ድሮ እንግሊዞቹ እንዲህ ያለ ቃል የሚያሰሙት ሲጣሩ ነበር፤ ወንዝ ማዶ ያለው ባለ ጀልባ ዞር እንዲልላቸው። ሰላምታ ያደረገው ስልክ ነው። እኛም ብንሆን መስመር ስንሞክር ሄሎ እንልና ጸጥ ብለን እናዳምጣለን። ማዶ ሰው ካለ ትንፋሹ ይመጣል።»

«ካልመጣስ?»

«ከፍ አድርጎ እንደገና ነዋ።»

ምራታቸው ሳህን እያጠበች ታዳምጣለች። ሰኞ ልብስ ስፌት ቤት ሥራ ልትጀምር ነው። ትምህርቷን ካቋረጠች ወዲህ የኔ የምትለው ነገር ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። ትንሹን ልጇን የሚይዙላት አማቷ ናቸው።

ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። አፉን ገና አልፈታም፤ አባቱም የፈታው ዘግይቶ ነው አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ የሚቀናበት ጭምት ነው። አንዴ ከተኛ በር ጓ ብሎ ቢዘጋ አይነቃም።

ችግሩ የአማቷ ሄሎ ነው። ሰሞኑን ከፍ እያለ መጣ። መጀመሪያ ከደጅ ነበር፤ ቀጥሎ ከበሩ ሥር። አሁንማ ከልጁ ጀርባ ቆመው ነው የሚጮኹት። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ዝም። ምራታቸው ከጓዳ «አቤት እማዬ» ብትል እንኳ መልስ የለም።

«ጆሯቸው ሄዷል» አለችው ለባሏ።

«ያን ሁሉ ዓመት የሰው ወሬ ሲጠጣ የኖረ ጆሮ፣ ቢደክመው ይፈረድበታል?»

«አትቀልድ። ልጁ ቢያለቅስ ማን ይሰማዋል? ምድጃ ላይ ቢወድቅስ? እንዴት ጥዬው ልሂድ?»

ባልየው መሳቁን ተወ።

በማግስቱ እንደምንም ደፍራ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«እማዬ፣ እንዳይከፋዎት። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ብንሄድ ብዬ ነው።»

ይቆጣሉ ብላ ነበር። አማቷ ግን የልጁን ፀጉር እየደባበሱ ቆዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እሺ ልጄ። እኔም ልነግርሽ እያልኩ አፌ እንቢ ብሎኝ ነው። ልጁንም ይዘን እንሂድ።»

ለሥራ ብዬ እኚህን ሴት አስለቀስኳቸው አለች በልቧ።

ሐኪሟ አማቷን ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ ማዳመጫ አደረገችላቸው። ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጃቸውን እንዲያነሡ ነገረቻቸው። ወጣቷ ልጇን ታቅፋ ከጎናቸው ቆማ ታያለች። እጃቸው ተነሣ። ደግሞ ተነሣ። ሐኪሟ ድምፁን እያሳነሰች፣ እያሳነሰች ሄደች፤ እጃቸው መነሣቱን አልተወም።

«እማማ፣ የእርስዎ ጆሮ ከኔም ይሻላል» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ።

ወጣቷ ከደስታዋ ብዛት የልጇን ጉንጭ ሳመችው። እንግዲህ ሰኞ ሥራ ገባች ማለት ነው።

«የመጣሁት ለራሴ አይደለም» አሉ አማቷ፤ ማዳመጫውን አውልቀው በልጁ ጆሮ ላይ አደረጉት።