ፓሊየቲቭ ማለት

«ፓሊየቲቭ ምን ማለት ነው?» ይላታል አባቷ፣ ከሆስፒታል ወጥተው ሰንጋ ተራ ታክሲ መያዣው አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ።

ቃሉን አንድ ፊደል አልሳተም። ሐኪሙ ለፋኢዛ የነገሯት በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛ ፊት ክፉ ነገር የሚነገረው እንዲህ ነው። እሷም ቀድማ «አደራ፣ በአማርኛ እንዳይሉት» ብላ ለምናቸዋለች። አባቷ ግን ዕድሜውን ካዛንቺስ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ደንበኛ ልኩን አንዴ ከነገረው አይረሳም።

«ማስታገሻ ነው አባዬ። ማለቴ... ሕመሙን እያስታገሱ የሚያክሙበት።»

ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ መዳን ለማይችል ሰው የሚለው፣ አልወጣትም። እንኳን ለእሱ ለራሷም ደፍራ አላለችውም።

«ታዲያ ጥሩ ነዋ።»

«በጣም ጥሩ ነው።»

ፊቱ በራ ይላል። ስልኩን ያወጣል።

«ለማን ነው?»

«ለቸሩ ነዋ። ከጠዋት ጀምሮ ተጨንቋል።»

ጋሽ ቸሩ የካዛንቺስ ጎረቤታቸው ናቸው። ሰፈሩ ፈርሶ በየፊናቸው ከተማው ዳር ቢወጡም ሁለቱ ሳይደዋወሉ አይውሉም። ባለቤታቸው ማዕዛ አምና ያረፉት ይኸው ቃል ከተባለባቸው በኋላ ነው። ያኔም ከሐኪሞቹ ጋር ያወራችው ፋኢዛ ነበረች፤ ፍቺውን ሳትቀንስ ለጋሽ ቸሩ የነገረቻቸውም እሷ ነች።

«ቤት ገብተን ብትደውልስ?» ክንዱን ትይዘዋለች። ቀስ አድርጎ ያስለቅቃታል። ጆሮው ስለደከመ ስፒከር ላይ ያደርገዋል።

«ቸሩ፣ አዎ ጨርሰናል። ኦፕራሲዮኑም ቀረልኝ። ፓሊየቲቭ ነው የሚሰጡኝ።»

የታክሲው ረዳት «ቂርቆስ፣ ቂርቆስ» እያለ ይጣራል። ያ አላህ፣ ትላለች በልቧ፣ ዋሽተው ይለፉልኝ።

«እሰይ» ይላሉ ጋሽ ቸሩ በመጨረሻ። «እሰይ ወንድሜ። ጥሩ ሕክምና ነው እሱ። በቃ፣ ነገ እመጣለሁ።»

«ያን ሁሉ መንገድ?»

«እመጣለሁ።»

ስልኩ ይዘጋል። አባቷ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። ታክሲው ሞልቶ ይሄዳል፤ እሱ አይነሳም።

«ፋኢዛ» ይላል፣ ሳያያት። «ቸሩ ሳይሰድበኝ ስልክ ዘግቶ አያውቅም።»