የሌላ ሰው እጅ

ሰብለወንጌል ለማይግሬኗ አንጀቷ ውስጥ አዲስ ባክቴሪያ ከተተከለላት ወዲህ ራሷን አሟት አያውቅም። ቀድሞ ሕመሙ ሲነሳባት መስኮቱን በብርድ ልብስ አስጋርዳ፣ ባልዲ ታቅፋ ነበር የምትውለው። አሁን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ሐኪሞቹ አጥብቀው ያስጠነቀቋት አንድ ነገር ነው፦ የሌላ ሰው እጅ የነካውን ምግብ እንዳትቀምስ። ተከላው አንዴ ከተበላሸ ሁለተኛ አይተከልም።

ስለዚህ የባሏ እናት እትዬ ወርቅያንሹ ሲጋብዟትም ክዳን ያለው የራሷን ሳህን ከነምግቡ ይዛ ሄደች። እሳቸው ሳህኑን አዩት። ከሠሩት ዶሮ ወጥ ሥጋ ፈልቅቀው በእንጀራ ጠቀለሉና እጃቸውን ወደ ምራታቸው ዘረጉ።

"በሞቴ!"

"እማዬ፣ ነግሬሽ አልነበር?" አለ ባሏ ናሁሰናይ።

"ነግረኸኛል። አንተን አጉርሶ ያሳደገ እጅ ዛሬ መርዝ ሆነ አልከኝ።"

የተዘረጋው እጅ አልታጠፈም። ወጡ በክንዳቸው ላይ ይወርዳል። ሰብለወንጌል ባሏን አየችው፤ እሱ አቀረቀረ። አፏን ከፈተች።

የእትዬ ወርቅያንሹ ፊት በራ። "አንድ ያጣላል" ብለው ሌላ ጠቀለሉ። እሱንም ጎረሰች።

በሳምንቱ እትዬ ወርቅያንሹ ትኩስ ዶሮ ወጥ ይዘው ልጃቸው ቤት መጡ። ሰብለወንጌል ባልዲዋን ታቅፋ አልጋ ላይ ተጠቅልላለች።

"እማማ፣" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ፣ "መጋረጃውን ይዝጉልኝ።"

ዘጉላት። ከዚያ ጨለማው ውስጥ ቆመው፣ ማንም ሳያያቸው፣ እጃቸውን ነጠላቸው ስር ደበቁ።