ማታ ማታ ባንዲራውን ቤቱ የሚወስደው መምህር

"ቦርሳህን ክፈተው" አሉት ርዕሰ መምህሩ።

አዲሱ የፊዚክስ መምህር ዚፑን ሳበው...

ከፈተና ወረቀቶቹ ስር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ... የትምህርት ቤቱ ባንዲራ!

ይህን ያጫወተችኝ የርዕሰ መምህሩ ጸሐፊ የሆነችው እህቴ ናት። ሰውዬው ተጠርቶ እስኪመጣ የስንብት ደብዳቤውን ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር።

እሷ እንደሆነ ድሮም ጠርጥራዋለች።

እንዴት አይጠረጠር? ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ ሲዘምር እሱ ከኋላ አፉን ገጥሞ ይቆማል። ብቻውን ይመጣል፣ ብቻውን ይሄዳል... "ጠርጥር" ብሎ የተረተው ሰው እኮ ዝም ብሎ አልተረተም።

ያጋለጠው የዲሲፕሊን ኃላፊው ነው። ተማሪው "አርበኛው" ይለዋል። ከረባቱ ባንዲራ፣ የእጅ አምባሩ ባንዲራ፣ የመኪናው መስታወት ላይ ባንዲራ... ድምፁን ቀንሶ የዘመረ ልጅ ፀሐይ ላይ ይንበረከካል።

ባንዲራውን ማታ አውርዶ መጋዘን ውስጥ የመቆለፍ ኃላፊነትም የሱ ነው። ቁልፉ ከኪሱ አይጠፋም።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ የስልኩን ቻርጀር ረስቶ ቢመለስ፣ መምህሩ ባንዲራውን ቦርሳው ውስጥ ሲከት በዓይኑ በብረቱ አየው። "ሌባ ያዝኩላችሁ" ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ነገረና ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

"ወዴት ልትወስደው ነው?" አሉ ርዕሰ መምህሩ።

"ወደ ቤቴ። ማታ የሚያወርደው የለም፣ ዝናብ ይመታዋል። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ እኔ ጋ የለም። ጠዋት ሰው ሳይመጣ መልሼ እሰቅለዋለሁ።"

"ሲዘመርስ አፍህን የምትዘጋው?"

"ድምፄ ልጆቹን ያስቃቸዋል፣ ጋሼ።"

አላመኑትም። እህቴም አላመነችውም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ብሆን አላምነውም ነበር... እንዲህ ያለ ደግ ሰው ያስፈራላ!

"ነገ ጠዋት ስቀለው፤ ማታ ግን እንዳትነካው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" አሉት። ደብዳቤውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡት።

በማግስቱ የመውጫ ደወል ተደወለ።

አርበኛው ከተማሪው ቀድሞ መኪናውን አስነሳ...

ሰማዩ ጠቆረ። መምህሩ እነ እህቴ ቢሮ መስኮት ጋ ቆሞ ባንዲራውን ያያል፣ ርዕሰ መምህሩን ያያል... እሳቸው ግን በእጃቸው "ቆይ" ይሉታል።

ዝናቡ ወረደ።

ርዕሰ መምህሩ ይሄኔ አርበኛው ጋ ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍተውታል። ባንዲራው እየበሰበሰ መሆኑን ነገሩት።

አርበኛው ሳቀ።

"ምን ችግር አለው ጋሼ፣ ነገ ይደርቃል። ሁሌም እዚያው አይደል እንዴ የሚያድረው? መቼ ወርዶ ያውቃል?"

ርዕሰ መምህሩ ስልኩን ዘጉት...

እህቴ ደብዳቤውን አንስታ ቀደደችው። ቀና ስትል መምህሩ ቢሮ ውስጥ የለም። ዝናብ ውስጥ ቆሞ ገመዱን እየሳበ ነው። ርዕሰ መምህሩም ያለ ጃንጥላ ተከትለውት ወጡ።

ወገኖቼ... አገር መውደድ ጠዋት ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሲያይ አይለይም። ማታ ግቢው ባዶ ሲሆን ነው የሚለየው። ዝም ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ አብዝቶ የሚጮኸውንም አንዳንዴ ጠርጥሩት።

እስቲ በሞቴ ሳትዋሹ መልሱልኝ...

በተማራችሁበት ትምህርት ቤት ጠዋት ማን ያዘምራችሁ እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። ማታ ባንዲራውን ማን ነበር የሚያወርደው? 👇