የጠራ ውሃ

ሐረር ውሃ በአህያ እያስጫነች ትጠጣ በነበረበት ዘመን፣ አቶ እንደሻው ግቢያቸው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አሠሩ። ልጃቸው ጽጌሬዳ ሰጠመችበት፤ ውሃው ደፍርሶ ስለነበር ዳር ቆመው ሲጠሯት እንኳ አላዩዋትም።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ውሃውን ራሳቸው ይመረምሩ ጀመር። ክንዳቸውን እስከ ክርን ነክረው በብልቃጥ ይቀዱና፣ መድኃኒት ጠብ አድርገው ቀለሙን ያያሉ።

«መመርመሩስ ያኔ ነበር» አሉ አንድ ቀን ባለቤታቸው ወይዘሮ ገላነሽ።

አቶ እንደሻው ክንዳቸውን ነከሩ። ውሃው እስከ ወለሉ ጥርት ብሏል። ሊያወጡት ሲሉ ግን እጃቸው አልመጣ አለ።

«ምን ነካዎት?»

«ገላነሽ፣ ያዘችኝ።»

ወይዘሮ ገላነሽ ጎንበስ ብለው ተመለከቱ። ውሃው ውስጥ ማንም የለም። የባላቸው የእጅ አንጓ ላይ ግን ቆዳው በትንንሽ ጣቶች ልክ ሰርጉዷል።