አምባር ሻጯ እምቢ ያለችው የሙሽራ እጅ

«ጥርስሽን ንከሺ! ሙሽራ አትጮህም!»

እናቴ ናት ጆሮዬ ሥር የምታንሾካሹከው...

ቀኝ እጄ በአምባር ሻጯ በእትዬ ናጅሙን መዳፍ ውስጥ ነው። ሰርጌ አራት ቀን ቀርቶታል።

ያኔ እኛ ፊሮዛባድ፣ ሕንድ አገር፣ የሙሽራ አምባር የመስታወት ነው፤ ደግሞም ጠባብ! በጠበበ ቁጥር «አቤት የእጇ ልስላሴ!» ይባልልሻል። ሲገባ ከተሰበረ ግን... ገደ ቢስ ነሽ፣ አለቀ።

እትዬ ናጅሙን ታውቅበታለች። አውራ ጣትሽን ወደ መዳፍሽ እጥፍ ታደርግና ወሬ ታስጀምርሻለች።

«ባልሽ ያንኮራፋል አሉ፣ እውነት ነው?»

ስትስቂ... አምባሩ አንጓሽ ላይ ቁጭ!

ግራ እጄ ላይ አሥራ ሁለቱም እንዲህ ገቡ።

ቀኙ ግን ጉድ ነበረበት።

ከቀናት በፊት ጣራ ላይ በክር የሚበር የወረቀት ካይት ሳሳድድ (አዎ፣ ሙሽራ ሆኜ!) ተንሸራትቼ በመዳፌ አርፌ ነበር።

የሰፈሩ ወጌሻ ባንኬ፣ ያ ትግል የሚያስተምረው ግዙፍ ሰውዬ፣ ጎተት አሸት አደረገኝና «ወለምታ ነው፣ እርድና የሰናፍጭ ዘይት ቀቧት» ብሎ ሄደ።

እናቴም «አማቶችሽ እንዳይሰሙ! ሰባራ ሰጡን ይላሉ» አለችኝ።

ዋጥ አደረግኩት።

እትዬ ናጅሙን አውራ ጣቴ ሥር ያለችውን ጎድጓዳ ስትነካ ግን...

ጮህኩ! ግቢ ውስጥ የሚመታው የሰርግ ከበሮ እንኳን ቆመ!

አንዴ ዓይን ዓይኔን አየችኝ... ቀስ ብላ እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና አምባሮቹን ወደ ቅርጫቷ መለሰች።

«እዚህ እጅ ላይ አላደርግም። አጥንቷ ተሰብሯል።»

የሙሽራው አክስት ራምካሊ ልታይ መጥታ ነበር፤ ብድግ አለች።

«ሙሽራ በባዶ እጅ? ምን ሟርት ነው! አንቺስ ከመቼ ወዲህ ነው ዶክተር የሆንሽው?»

«እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት እጅ ስጨምቅ ኖሬያለሁ። ወለምታ እዚች ጎድጓዳ ላይ እንዲህ አያስጮህም።»

«ውጪልኝ!» አለቻት እናቴ።

ወጣች... ቅርጫቷን ተሸክማ።

አባቴ ግን ጩኸቴን ከግቢ ሰምቶ ኖሮ ሐኪም ቤት ይዞኝ ሄደ።

ራጅ ተነሣሁ... ምንም የለም! ንጹሕ!

አብራን የመጣችው እናቴ በደስታ እልል ልትል ነው። ሐኪሙ ያችኑ ጎድጓዳ ጫን ሲላት ግን ግድግዳ ልወጣ ምንም አልቀረኝ።

«ማን ነው የላካችሁ?»

«አምባር ሻጭ» አለ አባቴ፣ እያፈረ።

ሐኪሙ አልሳቀም።

«አንጓ ውስጥ ስምንት ትናንሽ አጥንቶች አሉ። ይቺ የካሹ ለውዝ ፍሬ የምታክለው ተንኮለኛ ናት... ስብራቷ መጀመሪያ ሰሞን ራጅ ላይ ይደበቃል። ደም እንደ ልብ አይደርሳትም፤ ችላ ከተባለች ልትሞት፣ እጁም ሊደርቅ ይችላል።»

እስከ አውራ ጣቴ በጀሶ ጠቀለለኝ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ።»

በጀሶ ተዳርኩ! ሂናውን ጀሶው ላይ ሳሉልኝ... እስከ ዛሬ ሳስበው ሳቄ ይመጣል።

ራምካሊ ግን «ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ!» እያለች ሰፈሩን አዳረሰች። እትዬ ናጅሙንን የሚጠራት ሙሽራ ጠፋ። ሟርተኛ ተባለች።

በሁለት ሳምንቱ አማቶቼ ራምካሊን አብራኝ እንድትሄድ ላኩ።

ራጁ ወጣ... ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ታየ!

ያቺ ለፍላፊ ደህናውን እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ከዚያ በቀጥታ ሁለታችንም ወደ እትዬ ናጅሙን ደጅ።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

ሻርፗን ገለጥ አድርጋ ቀኝ እጇን አሳየችን...

አንጓው አይታጠፍም። እንጨት!

«ሰርጌ ሲደርስ ወደቅኩ፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። በሳሙና አሟልጨው አምባሩን አስገቡልኝ። እኔም ዝም አልኩ... ጎበዝ ሙሽራ ተባልኩ።»

ለካ ያን ሁሉ ዓመት በደረቀው እጇ እየደገፈችን፣ አምባሩን የምትገፋው በግራዋ ነበር! እኛ የሙያዋ ወግ መስሎን...

ራምካሊ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ደጃፉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እጇን ዘረጋች።

«አድርጊልኝ።»

«ጠባብ ነው ሰፊ?»

«የሚስማማኝን! ካመመኝ ደግሞ መንደሩን ነው የማቀልጠው፣ ነግሬሻለሁ!»

እትዬ ናጅሙን እስክታለቅስ ሳቀች። በማግስቱ የሙሽራ እናቶች በሯ ላይ ተሰለፉ።

ዛሬ እሷ የለችም። አምባሩም በካርቶን ታሽጎ ይመጣል፤ ልጆቹ እጃቸው ላይ ፌስታል አጥልቀው ራሳቸው አሾልከው ያስገቡታል። ይፈጥናል፣ እሺ... ግን እጅሽን ማን ይዳስስልሽ? ናፈቀችኝ እኮ!

ትምህርቱ እንግዲህ ይሄ ነው፦ «ጎበዝ» ለመባል ብለን የዋጥነው ሕመም ውስጥ ውስጡን ያደርቀናል። «አመመኝ» ማለት ነውር አይደለም። ለእኛ ብሎ እምቢ ያለንን ሰውም ለማባረር አንቸኩል።

እስቲ ንገሩኝ... ሕመሙን ደብቆ ሲስቅ የደረሳችሁበት ሰው አለ? ምን አላችሁት? ወይስ እናንተም አይታችሁ ዝም አላችሁ?