ያልወጣኝ ቃል

ባለቤቴ ከሞተ አምስት ወር ሆነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው ታላቅ ወንድሙ ኮቶቹን ሊወስድ መጣ። ሳሎን ቁጭ ብሎ አንዱን ገለበጠና ገበሩን መተርተር ጀመረ።

«ከሱ አንድ ኮት ለእኔ ቢጤው ቀጫጫ ሁለት ይወጣል» አለ። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው፤ ሳቅኩለት።

ከዚያ ከሥራው ቀና ሳይል፣ «እህት ዓለም፣ አንድ ቀን እንኳ ነፍሱን ይማር ስትይ ሰምቼሽ አላውቅም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሥጋው አፈር እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ መንፈሱም ወደ ሰጪው እንደ ተመለሰ አምናለሁ። ያችን ቃል ካልኩ ግን ነፍሱንም በገዛ አፌ የማሰናብት ይመስለኝ ነበር።

«በይው፤ ይቅለልሽ» አለኝ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ድምፄ እንዳይሰበር ቀስ ብዬ፣ «ነፍስህን ይማር» አልኩ።

«ያኑርሽ» የሚል መልስ ከመኝታ ቤቱ መጣ። ሲያስነጥስ ይማርህ ስለው ሁልጊዜ የሚመልስልኝ በዚያው ድምፅ ነበር።

ወንድሙ መርፌና ክር አወጣና የተረተረውን ገበር መልሶ ይሰፋ ጀመር።