ለሦስተኛው ስልክ ከቨር ሲፈለግ

ሰውየው የጠርሙስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነው። ሥራው ጠርሙስ መጣል ነው። ከግማሽ ሜትር፣ ከአንድ ሜትር፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ይጥላል፤ የተሰበረበትን ከፍታ ይመዘግባል። ባልደረቦቹ «ሰባሪው» ይሉታል። ቤቱም ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የሚመዘግብ አለመኖሩ ነው።

የመጀመሪያ ስልኩ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወደቀ። ሁለተኛው የሚፈላ ድስት ውስጥ ገባ። ሦስተኛውን ፋብሪካው ለሃያ ዓመት አገልግሎቱ ሸለመው። የሚስቱ ወንድም አዲሱን ስልክ አገላብጦ አየና፣ «ይሄ ሦስት ወር ከቆየ ጢሜን እላጫለሁ» አለ። የአሥር ዓመት ጢም ነው።

ሰባሪው እልህ ያዘው።

«ይህን ከሰበርኩ እስክሞት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የምይዘው! ደህና ከቨር ሳላለብሰው ደግሞ አላበራውም!»

ስልኩን በፎጣ ጠቀለለና ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ከቨር ፍለጋ ወጣ።

ባለሱቁ አንድ ወፍራም ጥቁር ነገር ዘረጋለት። «ጋሼ፣ ይሄ ከፎቅ ቢወድቅ ምንም አይለውም።»

«ይሄማ የጭነት መኪና ጎማ ነው። ኪሴ ከገባ ሱሪዬ ይወርዳል።»

«እንግዲያው ይሄ ቀጭኑ?»

«የሽንኩርት ልጣጭ።»

«ቀጭንም ጠንካራም አንድ ላይ አይገኝም እኮ፣ ጋሼ።»

«እኔ ያገባሁት እንደዚያ ያለችውን ነው። ይገኛል።»

«በሉ ስልኩን ያምጡትና እንለካው።»

«ከእኔ የሚጠብቀው ሳላገኝ ይዤው መንገድ ልውጣ? ጤነኛ ነህ?»

ስለዚህ በሳሙና ሞከረ። የልብስ ሳሙና በስልኩ ልክ ቀረጸ፤ ክብደቱ እስኪስተካከል በፋብሪካው ሚዛን እየመዘነ ፋቀው። ሳሙናውን ከቨር እያለበሰ የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ይጥለዋል። ጥጉ ከተጨፈለቀ ከቨሩ ወደቀ ማለት ነው። ጥጉ ከተረፈ ደግሞ ሁለተኛው ፈተና ይቀጥላል፤ ሳሙናውን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ አንድ ሳምንት ሥራ ይውላል።

አንድ ቀን ዝናብ መታው።

«ሰባሪው፣ ስልክህ አረፋ ይደፍቃል!» አሉት ባልደረቦቹ።

«ኔትወርክ ሲያጣ ነው» አለ፣ ደረቱን እየጠረገ።

ያልሳቀችበት ሚስቱ ብቻ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ጥግ መስኮቱ ሥር ነው። ይዞ የመጣውን ከቨር ሁሉ ሥራዋን አቁማ ትመረምርለታለች።

«ጎኑ ለስላሳ ነው። እርጥብ እጅ ላይ ይሾልካል።»

በሌላ ቀን፣ «ካሜራው ጋ ጠርዙ ዝቅ ብሏል። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መስታወቱ ይፋቃል።»

በሌላ ቀን ደግሞ፣ «የድምፁ ቁልፍ በግራ ነው፤ ይሄ የተቀደደው በቀኝ ነው። አትቸኩል፣ የተሻለ አይጠፋም።»

ሰባሪው ልቡ ተነካ። ፋብሪካ ሄዶም፣ «የእኔዋ መመሪያውን ሳይቀር አጥንታዋለች» ብሎ አወራ።

በእነዚያ ሳምንታት የሚስቱ ሥራ በዝቶ ነበር። ስሙን ሰምተው ከማያውቁት ሰፈር ሁሉ ሴቶች ልብስ ሊያሰፉ ይመጣሉ። ሰባሪው ምስጋናውን በሩ ላይ በእጁ ለጻፈው ማስታወቂያ ሰጠ። ፊደሉ ጠማማ ነው፤ ግን ሰው ይስባል አለ።

የሚስቱ ወንድም እግር አብዝቶ ነበር። በመጣ ቁጥር ጢሙን እየዳበሰ፣ «ስልኩ ደህና አደረ?» ይላል። በዘጠነኛው ሳምንት ሰባሪው ቁም ሳጥኑን ሲከፍት ፎጣው እሱ ባላጠፈበት በኩል ታጥፎ አገኘው። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ በብርሃን መረመረው። አልተነካም።

«ወንድምሽ ነው! ለጢሙ ሲል ሊሰብርብኝ ነው።»

«ተወው ባክህ» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ። «እሱ እንኳን ስልክ ሊሰብር፣ የራሱን መነጽር ማግኘት አይችልም።»

ሰባሪው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚስቱ ወንድም መጥቶ እስኪሄድ ድረስ ቁም ሳጥኑን ተደግፎ ይቆም ጀመር።

አሥራ አራተኛው ከቨር አለፈ። ቀጭን ነው፣ እጅ ላይ አይንሸራተትም፣ ጠርዙ ከስክሪኑ ትንሽ ከፍ ይላል። ሳሙናው ከአንድ ሜትር ተኩል ወድቆ ጥጉ እንዳለ ተነሣ። ሚስቱ ከቨሩን ለረጅም ጊዜ አገላበጠችው። እንከን ስታጣ፣ «እንግዲህ ይሄ ይሆናል» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። ሰባሪው ደክሟት ነው ብሎ አሰበ።

ሦስት ወር በሞላበት እሑድ ከቀትር በኋላ የሚስቱን ወንድም አስጠራ። ፍራሽ ወለሉ ላይ አነጠፈና መካከሉ ላይ ተቀመጠ።

«እኔም ብወድቅ ጉዳት የለውም» አለ።

ፎጣውን ፈታ። ስልኩን ከቨሩ ውስጥ አንሸራተተው፤ ቀጭ ብሎ ገባ። አልወደቀም። የሚስቱ ወንድም ፈገግታ ጠፋ።

«አየህ? ሦስት ወር ሙሉ፣ አንድ ጭረት የለውም! ጥንቃቄ ማለት ይሄ ነው!»

«አብራው እንጂ» አለ የሚስቱ ወንድም በተስፋ። «ምናልባት ሳይሰበር ሞቶ ይሆናል።»

«ነገ ብታበራውስ?» አለች ሚስቱ። «ዛሬ ብዙ ደክመሃል።»

ሰባሪው በኩራት ሣቀና ቁልፉን ተጫነ።

ስልኩ በራ፤ አራት ሺህ የቀሚስ ፎቶዎች ቦታውን ስለሞሉበትም ጥቂቶቹ እንዲጠፉለት በትሕትና ጠየቀ።